አሲዱን ተዉት፣ ውሃውን አሳዩኝ

ግልጽ ደብዳቤ

ለደብረ ብርሃን ከተማና ለሰሜን ሸዋ ዞን የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች
ግልባጭ፦ አሲድ ለሚገዛ፣ ለሚያከማች፣ ለሚሸጥና ለሚያጓጉዝ ሁሉ

የተከበራችሁ ተቆጣጣሪዎች፣

ጥቅምት ገባ። ከእንግዲህ እስከ ጥር የከተማችን ሌሊት ምን እንደሚመስል ለእናንተ አልነግርም፤ ማለዳ ሣሩ ላይ ጨው የተነሰነሰ የሚመስለውን ውርጭ ረግጣችሁ ነው ቢሮ የምትገቡት። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም ያው ውርጭ ነው። ጡረታ እስክወጣ በኬሚካል መጋዘን የሠራሁ ሰው ነኝ። ብርዱ በገባ ቁጥር ትዝ የሚለኝ አንድ ማለዳ አለ፤ ዘንድሮ ብቻዬን ላስታውሰው አልፈለግሁም።

ዓመቱንም ፋብሪካውንም አልጠራም። ጊዜው ርቋል፣ ሰዎቹም ክፉዎች አልነበሩም። ሱፍ የሚቀለምበት ክፍል በየሳምንቱ ከእኔ አሴቲክ አሲድ ይወስድ ነበር። ይህ አሲድ ሰላጣ ላይ የምናደርገው የኮምጣጤ ወገን ነው፤ ልዩነቱ፣ ኮምጣጤ ውስጥ ከመቶ አምስት ገደማ ብቻ ሲኖር በጀሪካን የሚመጣልን ግን ውሃ የሌለበት ንጹሑ መሆኑ ነው። ጀሪካኑ ላይ «ግላሻል» ተብሎ ይጻፋል፤ በረዷማ እንደማለት ነው። ከ16.6 ዲግሪ በታች ሲሆን ይረጋልና ስሙ የተሰጠው በእውነት ነው። ቆላ ያለ ፋብሪካ ይህን ጠባዩን ሳያውቅ ዘመኑን ሊጨርስ ይችላል። እኛ ጋ ግን በብርዱ ወራት ጀሪካኑ ድንጋይ ሆኖ ያድራል።

አንድ የኅዳር ማለዳ የማቅለሚያው ገንዳ ሞቆ፣ ሱፉ ገብቶ፣ ሁሉ ነገር አሲዱን ብቻ ይጠብቃል። ጀሪካኑ አልቀዳ አለ። ወጣቱ ረዳቴ አንስቶ ከምንሞቀው የከሰል ምድጃ አጠገብ አስቀመጠው። አየሁት፤ ዝም አልኩ። ከእሱ በፊት እኔ ራሴ እንደዚያ ሳደርግ ኖሬያለሁና ምን ብዬ ልከልክለው? የአሴቲክ አሲድ ተን 39 ዲግሪ ገደማ ላይ ሲደርስ እሳት ሊይዝ እንደሚችል ያወቅሁት ከዓመታት በኋላ ነው። ያን ቀን እሳት አልተነሳም። ዳር ዳሩ ቀልጦ፣ መሃሉ በረዶ እንደሆነ፣ ውስጡ ተን ታምቆበት ነበር። ልጁ ጎንበስ ብሎ ክዳኑን ሲፈታው አሲዱ ፊቱ ላይ ተፋበት።

ወደ ቧንቧ ሮጥን። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ፓምፑ አልሠራም፤ ቧንቧው ደርቋል። ደጅ ለእሳት አደጋ ተብሎ በርሜል ቆሞ ነበር፤ ላዩ ላይ የያዘውን ስስ በረዶ በጣሳ ቂጥ ሰብረን ቀዳን። ዓይኑን በጣቴ ከፍቼ አፈሰስኩለት። ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው፤ ልጁ ጥርሱ ይንቀጫቀጭ ጀመር። «በቃ ጋሼ፣ በቃኝ፣ በረደኝ» አለኝ። አዘንኩለት። ጣሳውን አስቀምጬ ጋቢዬን ደረብኩለት፣ ደግፈን ወደ ሐኪም ወሰድነው።

ጋቢው ያኔ ርኅራኄ መስሎኝ ነበር። ሐኪሙ «ስንት ደቂቃ አጠባችሁት?» ብሎ ጠየቀኝ። መልሴን ሰምቶ ምንም አልተናገረም፤ እንደገና ማጠብ ጀመረ። ልጁ ዛሬ ጎልማሳ ነው፣ ቤተሰብ አፍርቷል። ቀኝ ዓይኑ ግን ጉም እንደለበሰ ቀረ። መንገድ ላይ ስንገናኝ በግራው በኩል ዞሮ ነው ሰላም የሚለኝ።

እንግዲህ ወደ እናንተ ልምጣ። ለቁጥጥር ስትመጡ ምን እንደምትጠይቁ አውቃለሁ፤ ከባንኮኒው ወዲያ ቆሜ መልስ ስሰጣችሁ ኖሬያለሁ። ጓንት ታድሏል ወይ? የተቀባዩ ፊርማ የታለ? የእሳት ማጥፊያው ጊዜ አልፏል ወይ? ማስጠንቀቂያው ተለጥፏል ወይ? ጥያቄው ሁሉ ተገቢ ነው፣ ሕግም አለው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው ስለ አደጋው ለሠራተኛው እንዲያስረዳ፣ መከላከያ ዕቃና ልብስ እንዲሰጥ፣ አጠቃቀሙንም እንዲያሳይ ያዛል። ከዚያ በላይ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢ የሠራተኛ መብት ነው ይላል። ሕግ አልጎደለብንም። ነገር ግን በእነዚያ ሁሉ ዓመታት አንድ ተቆጣጣሪ እንኳ «አሲድ ቢረጭባችሁ በምን ትታጠባላችሁ? ውሃው የት ነው? እስቲ ልንካው» ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። እኔ የምላችሁ በአጭሩ ይህን ነው፦ የአሲድ ቁጥጥር ከአሲዱ ይልቅ በውሃው ይጀመር።

ለምን እንዲህ እንደምል ትንሽ ታገሱኝና ላስረዳ።

አሲድ በከተማችን እንግዳ አይደለም። ብርድ ልብስ ፋብሪካችን በ1950ዎቹ መጨረሻ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሱፍና አሲድ እዚህ ጎረቤት ናቸው። ቆዳ ፋብሪካ ያለ አሲድ አይሠራም። የቢራ ፋብሪካዎቹ ጋኖቻቸውንና ቧንቧዎቻቸውን የሚያጥቡት በኮስቲክ ሶዳና በአሲድ ነው፤ ኮስቲክ ሶዳ በስሙ አሲድ ባይሆንም ሥጋን በመብላት ከአሲድ አያንስም፣ ለዓይን እንዲያውም ይብሳል። በ2011 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፣ በ1999 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራዎች አሉት፣ ጋራዡ አለ፣ ወርቅ ቤቱ በናይትሪክ አሲድ ወርቅ ይፈትናል፣ ሴራሚክ የሚያነጥፈው ልጅ የሲሚንቶ ጠብታ የሚያነሳው በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ነው። አሲድን የምጠላ እንዳይመስላችሁ። አዋሽ መልካሳ ያለው ፋብሪካ ሰልፈሪክ አሲድ ያመርታል፣ አሉሚኒየም ሰልፌትም ይሠራል፤ አሉሚኒየም ሰልፌት ደግሞ የወንዝ ውሃ ጭቃው እንዲረጋና እንዲጠራ የሚጨመርበት ነው። ጥርት ያለ ውሃ ስንጠጣ አሲድን ማመስገን ቢገባንም አላደረግነውም።

ከሁሉ አብዝቶ የሚያጋጥመን ሰልፈሪክ አሲድ ከውሃ ጋር ያለው ነገር የተለየ ነው። ውሃ ይወዳል፤ ውሃ ሲያገኝ ደግሞ ይግላል። ስኳር ላይ ቢያፈሱት ከስኳሩ ውስጥ ውሃውን መጥምጦ ጥቁር ከሰል ያስቀራል፤ ቆዳችን ላይ የሚሠራውም ይህንኑ ነው። አንድ ሊትሩ 1.84 ኪሎ ይመዝናል፣ የውሃን እጥፍ ሊሆን ጥቂት ነው የቀረው። ስለዚህ አሲድ ባለበት ዕቃ ውስጥ ውሃ ቢጨመር ውሃው ከላይ ይንሳፈፋል፤ የተነካኩበት ቦታ በቅጽበት ይፈላና አሲዱን ይዞ ይረጫል። የጋለ ዘይት ላይ የውሃ ጠብታ ሲወድቅ ምን እንደሚሆን ወጥ የሠራ ሁሉ ያውቃል፤ ይኼ የዚያ ታላቅ ወንድም ነው። እዚህ ከፍታችን ላይ ውሃ 91 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ ባቄላ ለመብሰል ይግደረደርብናል፤ አሲዱ ግን በዚያ አይቸገርም፣ እንዲያውም ውሃውን ለማፍላት ትንሽ ይቀለዋል። ተራው እንግዲህ ይህ ነው፦ ውሃው አስቀድሞ ይቀመጣል፣ አሲዱ በቀጭኑ እየተንቆረቆረ ይገባበታል፣ እየተማሰለ። አስተማሪው ሁሉ ይህን ይናገራል፤ ነገር ግን ሠራተኛው የሚሳሳተው ስላልተማረ ብቻ አይደለም። አሲዱ በርሜሉ ውስጥ አለ፣ ውሃው በጎማ ይመጣል፤ ጎማውን ወደ በርሜሉ መሳብ ከባዱን በርሜል ወደ ውሃው ከማንሳት ይቀላል። ወገብ ነው የሚያሳስተው። መፍትሔውም የእጅ ፓምፕ ነው፣ ስብከት አይደለም።

አንድ ብልህ አንባቢ እዚህ ላይ ይይዘኛል፤ «ውሃ ሲነካው የሚፈላ ከሆነ ሰው ላይ የፈሰሰውን በውሃ እጠቡ የምትለን እንዴት ነው?» ይላል። ጥያቄው ልክ ነው፣ ብዙ ጉዳትም የደረሰው መልሱን ባለማወቅ ነው። ጥቂት ውሃ ያግለዋል፤ ብዙ ውሃ ግን ግለቱንም አሲዱንም ጠርጎ ይወስዳል። ስለዚህ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ክልክል ነው። አንድ ጣሳ አፍስሶ መቆምም እንደዚያው። ሳይቋረጥ መፍሰስ አለበት። የረጠበው ልብስ ወዲያው ይውለቅ፤ ወንድም ሴትም ቆሞ ሲታጠብ ይሉኝታው ለሌላ ቀን ይቀመጥ። እንቁላል፣ ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ሎሚ፣ አመድ የሚቀባም አለ። ሁሉም ውሃውን ከማዘግየት በቀር ጥቅም የላቸውም።

ስለ ልብስ ካነሳሁ አይቀር፣ የሱፍ ከተማ ሰዎች ስለሆንን ይህን ማወቅ ደስ ይለናል፦ ቀጭን ሰልፈሪክ አሲድ ሱፍን ይምራል፣ ጥጥን ግን ይበላል። ባለሙያዎች ይህን ጠባዩን ይጠቀሙበታል፤ በበግ ጠጉር ላይ የተጣበቀውን ጭራሮና አሜኬላ በአሲድ ነክረው ሲያደርቁት ዕፅዋቱ ከሰል ሆኖ ይረግፋል፣ ጠጉሩ ይቀራል። ባትሪ የሚሞላው ልጅ ጂንስ ከታጠበ በኋላ ወንፊት ሆኖ የሚወጣው በዚሁ ምክንያት ነው። በጥጥ ቱታና በቆዳ ጓንት ሠራተኛን «አልብሻለሁ» የሚል አሠሪ ካጋጠማችሁ እንግዲህ ምን እንዳለበሰው ታውቃላችሁ። ጥጡ ይበላል፤ ቆዳው ደግሞ አሲዱን ጠጥቶ እጅ ላይ ይዞት ይቆያል። የሚያስፈልገው ጎማ ነው። ሱሪውም ከቦት ጫማው ውጭ ይውረድ እንጂ ውስጥ አይጠቅጠቅ፤ አለበለዚያ ጫማው ማጠራቀሚያ ይሆናል።

ወደ ውሃው ልመለስ። በዓለም ላይ በሰፊው የሚሠራበት የአሜሪካኖች መመዘኛ ለእንዲህ ያለ አደጋ ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ውሃው በ10 ሴኮንድ ውስጥ የሚደረስበት ይሁን፣ ቢያንስ 15 ደቂቃ ይፍሰስ፣ ሙቀቱም ከ16 እስከ 38 ዲግሪ ይሁን። የመጀመሪያውንና ሁለተኛውን ሰው ሁሉ ያነባል። ሦስተኛውን ግን ቆላ ያለ ሰው ዘሎ ያልፈዋል፤ ደብረ ብርሃን ላይ ዋናው እሱ ነው። ውርጭ ባደረበት በርሜል ውስጥ ያለ ውሃ ስር አንድ ሰው 15 ደቂቃ ሊቆም አይችልም። ጀግና ቢሆን አራት ደቂቃ ይቆማል፤ ከዚያ ሰውነቱ ራሱ ያወጣዋል፣ ወይም እንደ እኔ ያለ አዛኝ ያወጣዋል። ስለዚህ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ባለ ሰንሰለት ሻወር አይታችሁ «አለ» ብላችሁ ምልክት ስታደርጉ፣ በኅዳር ማለዳ ያ ሻወር የለም ብላችሁ ቁጠሩት።

ብዛቱስ? ለመላ ሰውነት የሚሆን ሻወር በደቂቃ 75 ሊትር ያፈሳል፤ በ15 ደቂቃ ከ1,100 ሊትር በላይ መሆኑ ነው። አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በዚህ ፍጥነት 16 ሴኮንድ ነው የሚቆየው። ፓምፑ በመብራት፣ መብራቱ በዕድል በሚሠራበት ግቢ እንግዲህ ከፍ ብሎ የተሰቀለ ታንከር ግዴታ ነው። ለዓይን ግን ነገሩ ይቀላል፣ ትንንሾቹ ቤቶች ይህን ልብ ይበሉልኝ፦ የዓይን ማጠቢያ በደቂቃ 1.5 ሊትር ይበቃዋል፤ ለ15 ደቂቃ 22.5 ሊትር። አንድ ቢጫ ጀሪካንና የሁለት ሊትር ተኩል ጭማሪ ማለት ነው! ከራስ በላይ ባለ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ፣ ቀጭን ጎማና መክፈቻ ቢገጠምለት፣ ውሃው በየሳምንቱ ቢለወጥ፣ ማታ ማታ በአሮጌ ብርድ ልብስ ቢጠቀለል፣ ማንኛውም ባትሪ የሚሞላ ቤት የዓይን ማጠቢያ አለው። የብርድ ልብስ እጥረት ደግሞ እኛ ጋ የለም።

ፋብሪካዎቹ ከዚህ የተሻለ ማድረግ ይችላሉ። ቦይለር ያለው ግቢ ውሃ ለብ ለማድረግ ምክንያት ሊያቀርብ አይገባውም። ግዢ ክፍልም ከመጋዘኑ ጋር ቢነጋገር ብዙ ነገር ከመነሻው ይቀራል። 80 ከመቶ የሆነ አሴቲክ አሲድ ውርጭ ያለበትን ሌሊታችንን ሳይረጋ ያልፋል፤ ያን ልጅ የጎዳው ማለዳ አይፈጠርም ነበር ማለት ነው። ሰልፈሪክም እንደዚሁ ነው፦ 98 ከመቶ የሆነው ወደ ዜሮ ሲጠጋ ሊረጋ ይችላል፣ 93 ከመቶ የሆነው ግን ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ገደማ እስኪደርስ ፈሳሽ ነው። አዲስ አበባ ወይም ሻንጋይ ተቀምጦ የሚያዝ ሰው ይህን ላያስብ ይችላል። የረጋ ጀሪካን ቢያጋጥም ደግሞ ሞቅ ባለ ክፍል ማሳደር ነው፣ ቢያስቸኩል ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ማቆም። ከሰል፣ ሲሊንደር፣ መዶሻ አይቅረቡት።

ከሰል ካልኩ ባትሪ ቤቶቹን ማንሳቴ ግድ ነው። ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጂን ይወጣዋል፤ አይታይም፣ አይሸትም፣ ከቤቱ አየር ውስጥ 4 ከመቶ ከደረሰ ብልጭታ ይበቃዋል። መድኃኒቱ መስኮት መክፈት ብቻ ነው። በእኛ ከተማ ግን ባትሪ የሚሞላው ልጅ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መስኮት ይክፈት ማለት ቀላል ነገር አይደለም። በሩን ዘግቶ፣ በመጋረጃ አፍኖ፣ ከሰል አቀጣጥሎ ነው የሚሠራው። ባትሪው ሲፈነዳ የሚረጨው አሲድ 35 ከመቶ ገደማ ነው፤ «ቀጭን» የሚሉት ለዓይን ቀጭን አይደለም። እነዚህን ቤቶች ሕጉ በሚገባ አይደርስባቸውም። ሕጉ አሠሪና ሠራተኛ ይላል፤ እዚያ ያለው አጎትና የእህት ልጅ ነው። ደመወዝ የለም፣ ውል የለም፣ «ሙያ እየለመደ ነው» ይባላል። ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠር አዋጁ ይከለክላል፤ ያልተቀጠረን ልጅ ማን ይቆጥረዋል? መብራት ባልገባባቸው ገጠሮች የሶላር ባትሪ በበዛ ቁጥር እነዚህ ቤቶችም ይበዛሉ። ስለዚህ እባካችሁ ያለ ክስ፣ ያለ ቅጣት፣ እንደ ዘመድ ግቡባቸው።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ውሃ መስሎ የሚቀመጠው አሲድ ነው። ሰልፈሪክም፣ ሃይድሮክሎሪክም፣ አሴቲክም ሲያዩዋቸው ጥርት ያሉ ናቸው። ከበርሜል ይቀዱና በሃይላንድ ፕላስቲክ ይሸጣሉ፣ በለስላሳ ጠርሙስ ከመስኮት ላይ ይቀመጣሉ። የባትሪ አሲዱንም፣ ለባትሪ የሚጨመረውን የተጣራ ውሃም «የባትሪ ውሃ» ብለው የሚጠሩ አሉ፤ ሁለቱ በአንድ ስም ሲጠሩ ጠርሙሶቹም ይመሳሰላሉ። በሰሜን ሸዋ ላይ ደግሞ አረቄ ይታከልበታል። የአካባቢያችን አረቄ ስሙ የገነነ ነው፤ እሱም ጥርት ያለ ነው፣ እሱም በማንኛውም ጠርሙስ ይቀመጣል፣ የሚጠጣውም አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ በአንድ ትንፋሽ ነው። ከዚህ በላይ ማብራራት አልፈልግም። የዋጠ ሰው ካጋጠመ አስታውክ ተብሎ አይገደድ፤ ማስታወክ ጉሮሮውን ሁለተኛ ጊዜ ማቃጠል ነው። አፉ ይጉመጥመጥ፣ ጠርሙሱ አብሮ ተይዞ ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።

በ1999 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በአንዲት ወጣት ፊት ላይ የተደፋው አሲድ አገሩን ሁሉ እንዳስለቀሰ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ያኔ የተናደድነው አሲዱን በደፋባት ሰው ላይ ነበር፣ ይገባልም። አሲዱ በማን እጅ፣ በምን ዕቃ፣ ለማን ሊሸጥ እንደሚገባ ግን ንዴታችን ሳይጠይቅ በረደ።

ሆቴልና ሕንጻ የሚያጸዱ ሴቶች ነገርም አለ። መጸዳጃውን በአሲድ ፈትገው ሽታው እንዲጠፋ በረኪና ያክሉበታል። ሁለቱ ሲገናኙ ክሎሪን ይወጣል፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደር የተገደለበት ጋዝ ነው። መስኮት በሌላት አንድ ካሬ ሜትር መጸዳጃ ውስጥ! ቆዳ ፋብሪካ ላይም የዚህ ዘመድ አለ፦ ጠጉር ማውለቂያው ሰልፋይድ ያለበት ፍሳሽና አሲድ ያለበት ፍሳሽ በአንድ ቦይ ከተገናኙ የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ይወጣል። ሽታው ሲጠፋ ደህና የሆነ ይመስላል፤ ጋዙ በርትቶ አፍንጫን ማደንዘዙ ነው። ጉድጓድ ገብቶ የወደቀን ባልደረባ ሊያወጣ የገባው ሁለተኛው ሰው አብሮት የሚቀረው በዚህ ነው። ሁለቱ ቦዮች ተለያይተው እንደሆነ በዓይናችሁ ተከትላችሁ እዩ፤ በሥዕል ላይ ያሉት ሁልጊዜ የተለያዩ ናቸው።

አንኮበርም ሩቅ አይደለችም። ከዚህ እስከ ከተማዋ ጎረቤላ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዳገቱና ቁልቁለቱ ግን ከዚያ ያረዝመዋል። ለጋራዡና ለሶላሩ የሚሄደው አሲድ አብዛኛውን ጊዜ ለብቻው አይጫንም። ከእንቁላሉ፣ ከዶሮው፣ ከአሮጊቷ ጓዝ ጋር በሚኒባሱ ኋላ ይቀመጣል፣ መክፈቻው በፌስታል ታስሮ። አንድ ጊዜ ወደዚያ ስወርድ እግሬ ስር የነበረው ጀሪካን ምን እንደሆነ ረዳቱን ብጠይቀው «ምንም አይደል፣ አሲድ ነው» አለኝ። በዚያ ገደል አፋፍ ላይ ቢፈስ፣ ውሃው የት አለ? ቢያንስ ለብቻው፣ በቆመ ዕቃ ውስጥ፣ ከሰው ርቆ፣ አጠገቡም ሁለት ጀሪካን ውሃ ይጫን። በደሴ መንገድ የሚያልፉት ትልልቅ መኪኖች የሚለጥፉትን ምልክት፣ በእጅና በብረት ላይ ፈሳሽ ሲንጠባጠብ የሚያሳየውን ባለ 8 ቁጥር፣ የሚኒባስ ሹፌር ቢያውቀው አይጎዳም። ወደ እኛ የሚመጡት የአጠቃቀም መመሪያዎችም በእንግሊዝኛና በቻይንኛ ናቸው። በርሜሉን ከመኪና የሚያወርደው የቀን ሠራተኛ፣ ምናልባትም ከቤቱ ተፈናቅሎ እዚህ የተጠለለ ገበሬ፣ የሚያነበው በአማርኛ ነው፤ ማንበብ ካልቻለም ሥዕሉ ይነገረው።

ክፉኛ የተቃጠለ ሰው ጉዞው ብዙ ጊዜ የሚያበቃው አዲስ አበባ፣ የካቲት 12 ሆስፒታል ነው። 130 ኪሎ ሜትር። እዚያ ያሉት ሐኪሞች የሚችሉትን ያደርጋሉ፤ ነገር ግን የዓይኑ ዕጣ በአመዛኙ የሚወሰነው እዚህ፣ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች፣ ጣሳ በያዘ ሰው እጅ ነው። እኔ ያን ጣሳ ይዤ ነበር።

የምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። ሕጉ በሥራ ሰዓት ያለ ቅድሚያ ማስታወቂያ እንድትገቡ ሥልጣን ሰጥቷችኋል። በኅዳር ወይም በታኅሣሥ፣ ማለዳ፣ ፀሐይ ሳትበረታ ኑ። የአሲዱን መዝገብ አትክፈቱ፣ እሱን በኋላ ታዩታላችሁ። የውሃውን በርሜል አሳዩን በሉ፣ ቧንቧውን አስከፍቱ፣ መብራት ቆጣሪውንም አስጠፉና ቧንቧውን እንደገና አስከፍቱ። ከዚያ እጅጌያችሁን ሰብስባችሁ እጃችሁን ውሃው ውስጥ ክተቱ፣ ሰዓታችሁንም እዩ። እጃችሁ 15 ደቂቃ ከቆየ፣ ቅጹ ላይ ፈርሙ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የቀድሞ የመጋዘን ሠራተኛ
ደብረ ብርሃን